አውቶክሌቫችሁ በእርግጥ ማምከኑን በስፖር እንዴት ታረጋግጣላችሁ?

አንድ ጠዋት ኢንኩቤተሩን፣ ማለትም ባክቴሪያ የሚያድግበትን ሙቅ ሣጥን፣ ስከፍት ሁለት ትንንሽ ጠርሙሶች ጎን ለጎን ቆመው ነበር። ሁለቱም ቢጫ። አንደኛው ቢጫ መሆን ነበረበት። ሁለተኛው ግን ከአውቶክሌቭ፣ ዕቃ በእንፋሎት ከሚያመክነው ማሽን፣ የወጣ ነው። እሱ ሐምራዊ እንደሆነ መቆየት ነበረበት።

ጠርሙሱን ይዤ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ወረድኩ። የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር በዕድሜ እናቴ ይሆናሉ። ጠርሙሱን አዩት፣ ከዚያ ሙቀት ሲነካው በሚጠቁር ቴፕ ያሸጉትን የጨርቅ ጥቅል አንስተው አሳዩኝ። "ልጄ፣ ቴፑ እኮ ጠቁሯል" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ቴፑ ጠቁሯል። የግፊት መለኪያው ጌጅም 15 ላይ ቆሞ ነበር። ሰላሳ ደቂቃውም ሞልቷል። ስፖሮቹ ግን አልሞቱም።

ይህን የምጽፈው በጤና ጣቢያ፣ በክሊኒክ፣ በጥርስ ሕክምናና በላብራቶሪ አውቶክሌቭ ለምታንቀሳቅሱ ሁሉ ነው። ቴፕ የሚነግራችሁ ሙቀት እንደነካው ብቻ ነው። ጌጅ የሚነግራችሁ ግፊቱን ብቻ ነው። ማሽኑ ገድሎ እንደሆነ የሚመሰክረው ለመሞት እጅግ የሚያስቸግር ሕይወት ያለው ነገር ነው። እሱም ስፖር ነው። ሥራው ከባድ አይደለም። ስፖሩን ከዕቃው ጋር ታስገባላችሁ፣ ከዚያ በምግቡ ውስጥ ታስቀምጡትና ይነሳ እንደሆነ ትጠብቃላችሁ።

መጀመሪያ፣ ስፖር ምንድነው?

አንዳንድ ባክቴሪያዎች ምግብ ሲያጥራቸው ራሳቸውን ጠንካራ ቅርፊት ውስጥ ይከታሉ። አይበሉም፣ አይባዙም። ዝናብ እስኪመጣ ጎተራ ውስጥ እንደሚጠብቅ ዘር ዝም ብለው ይቆያሉ። ውስጣቸው ያለው ውሃ ትንሽ ነው። ሙቀት፣ ድርቀትና አልኮል የሚችሉትም ለዚህ ነው። የመንጋጋ ቆልፍ ባክቴሪያ ከእነዚህ አንዱ ነው። መቀስ ቀቅሎ መጠቀም የማይበቃውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ነገሩ ከታወቀ ቆይቷል። ጀርመናዊው ፈርዲናንድ ኮን እ.ኤ.አ. በ1876 የድርቆሽ ባክቴሪያ ስፖር እንደሚሠራና ስፖሩ መቀቀልን እንደሚችል ጻፈ። በዓመቱ ጆን ቲንዳል የተባለው ሳይንቲስት የድርቆሽ ውሃ አንዴ ቀቅሎ ማምከን እንዳቃተው አየ። ስለዚህ በተከታታይ ቀናት ደጋግሞ ማፍላት ጀመረ። ስፖሩ በመሐል ሲነቃ በሚቀጥለው ማፍላት ይሞታል። በ1879 ደግሞ ፈረንሳዊው ሻርል ሻምበርላን አውቶክሌቭን ሠራ። በግፊት የታመቀ እንፋሎት ከፈላ ውሃ በላይ ይሞቃል። አውቶክሌቭ ማለት ይኸው ነው።

ለፈተናው የምንጠቀመው ባክቴሪያ ጂኦባሲለስ ስቴሮተርሞፊለስ ይባላል። በ1920 በተበላሸ የታሸገ ምግብ ውስጥ ተገኝቶ ስም የተሰጠው ነው። ደስ የሚለው ሙቀት ወዳድ መሆኑ ነው። ከ55 እስከ 60 ዲግሪ ላይ ይመቸዋል። በሰው ሰውነት ሙቀት አይራባም፣ በሽታም አያመጣም። ስፖሩ ግን በእንፋሎት ለመሞት ከሚያስቸግሩት አንዱ ነው። እሱ ከሞተ ሌላው ሞቷል ብሎ ማመን ይቻላል።

ምን ያስፈልጋችኋል?

በገበያ ሦስት ዓይነት አለ።

ለጀማሪ የምመክረው ሁሉን በውስጡ የያዘውን የፕላስቲክ ብልቃጥ ነው። በውስጡ 100,000 ወይም 1,000,000 ስፖር የደረቀበት ትንሽ ወረቀት አለ። ከወረቀቱ ጋር ስስ የመስታወት አምፑል ተቀምጧል። አምፑሉ ውስጥ ሐምራዊ ፈሳሽ አለ። ያ ፈሳሽ የባክቴሪያው ምግብ ነው። ስኳርና ብሮሞክሪሶል ፐርፕል የሚባል ቀለም ተጨምሮበታል። አምፑሉ ሲሰበር ፈሳሹ ወረቀቱን ያርሰዋል። በሕይወት የቀረ ስፖር ካለ ይነቃል፣ ስኳሩን ይበላል፣ አሲድ ያመነጫል። ቀለሙም ከሐምራዊ ወደ ቢጫ ይለወጣል።

ሁለተኛው በወረቀት ፖስታ የታሸገ የስፖር ወረቀት ነው። ርካሽ ነው፤ ግን ወረቀቱን በንጹሕ መቆንጠጫ አውጥታችሁ ትሪፕቲክ ሶይ ብሮዝ የሚባል የባክቴሪያ ምግብ ፈሳሽ ውስጥ መክተት ይኖርባችኋል። እጅ የለመደ የላብ ሰው ይፈልጋል።

ሦስተኛው ሙሉ በሙሉ የታሸገ የመስታወት አምፑል ነው። ስፖሩ ከመጀመሪያው በፈሳሹ ውስጥ አለ። ይህ ለፈሳሽ ነው፤ ሚዲያ፣ ማለትም የባክቴሪያ ማሳደጊያ ምግብ፣ ለምታበስሉ ላቦች።

ከዚህ ሌላ ኢንኩቤተር፣ የዓይን መከላከያ መነጽር፣ ጓንት፣ እርሳስና መዝገብ ይበቃል። ብልቃጦቹን ከፀረ-ጀርም ኬሚካል አጠገብ አታስቀምጡ። የኬሚካሉ ትነት ስፖሩን ሊጎዳው ይችላል። ጊዜው ያለፈበትንም አትጠቀሙ። ቀድሞ የሞተ ስፖር ሁልጊዜ "አልፋችኋል" ይላችኋል፤ ይህ ከምንም በላይ አደገኛ ነው።

አሠራሩ

1. ቀን ቁረጡ። ቢያንስ በሳምንት አንዴ። ሰውነት ውስጥ የሚቀር ነገር፣ ለምሳሌ የአጥንት ብረት፣ የምታመክኑ ከሆነ በእያንዳንዱ ዙር። እኔ ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያውን ዙር መርጫለሁ። ቀኑ ቋሚ ካልሆነ ሥራ ሲበዛ ይዘለላል።

2. ከአንድ ካርቶን፣ አንድ የምርት ቁጥር ያላቸው ሁለት ብልቃጦች አውጡ። አንዱ ወደ ማሽኑ ይገባል። ሌላው አይገባም፤ ማነጻጸሪያ ነው። በሁለቱም ላይ ቀኑን፣ የማሽኑን ቁጥርና የዙሩን ቁጥር ጻፉ።

3. የሚገባውን በአስቸጋሪው ቦታ አስቀምጡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ብልቃጡን ከላይ፣ ባዶ መደርደሪያ ላይ ጣል ማድረግ ለማሽኑ ማዳላት ነው። በጣም ወፍራም የሆነውን የጨርቅ ጥቅል ፈታ አድርጉና መሐሉ ላይ ክተቱት። ጥቅሉን ከታች፣ ወደ በሩ ወይም አየሩ ወደሚወጣበት ቀዳዳ አስጠጉት። ቀዝቃዛ አየር ከእንፋሎት ይከብዳል፣ ወደ ታች ይወርዳል። የማይሞቀው ጥግ እዚያ ነው። እንደ ድስት ቁልቁል የሚሞላ ማሽን ከሆነ የታችኛው ቅርጫት መሐል ይሁን።

4. ማሽኑን እንደ ሌላው ቀን ሙሉት። ለፈተና ብላችሁ አታቅልሉት። የምትፈትኑት የዘወትር ሥራችሁን ነው።

5. አስነሱት፣ አየሩን አስወጡ። በእጅ የሚዘጋ ቫልቭ ያለው ማሽን ከሆነ እንፋሎቱ መቆራረጡን ትቶ ቀጥ ብሎ መውጣት እስኪጀምር ጠብቁ። ከዚያም በኋላ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ክፍት ይቆይ። ከዚያ ዝጉት።

6. ሰዓት መቁጠር የምትጀምሩት ሙቀቱ 121 ሲደርስ ነው፤ ማሽኑ ሲበራ አይደለም። ላልተጠቀለለ ዕቃ 20 ደቂቃ፣ ለተጠቀለለ 30 ደቂቃ። መሐል ላይ መብራት ከሄደ ከዜሮ ጀምሩ። "አስራ አምስቱ ሄዷል፣ አስራ አምስት ይቀራል" የሚባል ሒሳብ የለም።

7. ግፊቱ ዜሮ ሲሆን ክፈቱ። ብልቃጡን አውጥታችሁ ቢያንስ 10 ደቂቃ አቀዝቅዙት። ትኩስ አምፑል እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። መነጽሩን ሳታደርጉ አትንኩት።

8. አምፑሉን ስበሩ። ከብልቃጡ ጋር የሚመጣ መስበሪያ አለ፣ ጠጋ አድርጎ መጫን ብቻ ነው። ቀጭ የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። ነቅነቅ አድርጉት። ወረቀቱ ሙሉ በሙሉ መራሱን በዓይናችሁ እዩ። ማነጻጸሪያውንም እንዲሁ አድርጉ። ማነጻጸሪያውን መስበር መርሳት የተለመደ ስህተት ነው።

9. ሁለቱንም ኢንኩቤተር ውስጥ አቁሙ። ከ55 እስከ 60 ዲግሪ፤ እንደ ብልቃጡ ዓይነት 24 ወይም 48 ሰዓት። ጽሑፉን አንብቡ። የላቡ 37 ዲግሪ ኢንኩቤተር አይሆንም። በ37 ይህ ባክቴሪያ ተኝቶ ይቀራል፤ እናንተም ሞቷል ትላላችሁ።

ኢንኩቤተር የለንም ለምትሉ አንድ ነገር ልጠቁም። ብዙ ላብ ውስጥ ሴረም የሚሞቅበት 56 ዲግሪ ዋተር ባዝ፣ ማለትም የሙቅ ውሃ ገንዳ፣ አለ። ሙሉ በሙሉ የታሸገው የመስታወት አምፑል እዚያ ውስጥ በመደርደሪያ ላይ ቆሞ ሊያድግ ይችላል። ውሃው ስለሚተን ክዳኑን ዝጉ፣ ጠዋትና ማታ ውሃ ጨምሩ። ክዳኑ ቀዳዳ ያለውን ብልቃጥ ግን ውሃ ውስጥ አትንከሩ።

10. ከ24 ሰዓት በኋላ አንዴ፣ በመጨረሻው ሰዓት ደግሞ አንዴ እዩት። ጻፉት። ፈርሙበት።

ቀለሙን ማንበብ

ከማሽኑ የወጣው ሐምራዊ፣ ማነጻጸሪያው ቢጫ ከሆነ ማሽኑ ገድሏል። ሁለቱም ቢጫ ከሆኑ ማሽኑ አልገደለም። ማነጻጸሪያው ሐምራዊ ሆኖ ከቀረ ፈተናው ራሱ ዋጋ የለውም፤ ወይ ስፖሩ ድሮ ሞቷል፣ ወይ ኢንኩቤተሩ አልሞቀም፣ ወይ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ነበር። እንዲህ ሲሆን የማሽኑን ውጤት አትመኑት። በአዲስ ብልቃጥ ድገሙ።

ሰው ማነጻጸሪያ ማባከን ይመስለዋል። ብልቃጡ ከውጭ የሚመጣ ውድ ዕቃ ስለሆነ ይገባኛል። ግን ያለ ማነጻጸሪያ ሐምራዊ ቀለም ምንም ማለት አይደለም።

ቢጫ ከሆነስ?

ማሽኑን አቁሙ። ላዩ ላይ "አይሠራም" ብላችሁ ለጥፉ። መዝገቡን ወደ ኋላ ግለጡና መጨረሻ ያለፈበትን ፈተና ፈልጉ። ከዚያ ወዲህ የወጣ ዕቃ ሳይከፈት ካለ ሰብስቡት፤ እንደገና ይጠቀለላል፣ እንደገና ይመከናል። አንዳንድ መመሪያዎች አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነና ሌላው ምልክት ሁሉ ደህና ከሆነ ሁሉን መሰብሰብ ግድ አይደለም ይላሉ። እኔ እሰበስባለሁ። ጨርቅ ደግሞ ማጠብ ከሰው ቁስል አይበልጥም። ጥገና ከተደረገ በኋላ ደግሞ ሦስት ተከታታይ ዙር በስፖር ፈትኑ። ሦስቱም ሲያልፉ ወደ ሥራ ይመለስ።

ምክንያቱን ስትፈልጉ በእጃችሁ ጀምሩ። ጥቅሎቹ መሐል እጃችሁ ይገባል? ካልገባ እንፋሎትም አይገባም። ሳህንና ኩላሊት ቅርጽ ያለው ትሪ ተደፍቶ ወይም ጎኑን ይዞ ካልቆመ አየር ውስጡ ይታቆራል። የክዳኑ ጎማ ተሰንጥቆ እንፋሎት ያፏጫል? አየሩስ በደንብ ወጥቷል? ጌጁ ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ ዜሮ ላይ ይመለሳል?

እነዚህ ሁሉ ደህና ሆነው ካገኛችኋቸው ደግሞ ከፍታችሁን ተመልከቱ። በኛ አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ከፍታና ጌጅ

15 ፒኤስአይ (ጌጁ ግፊትን የሚቆጥርበት አሃድ) 121 ዲግሪ ነው የሚለው ሒሳብ የባሕር ጠረፍ ሒሳብ ነው። ጌጁ የሚለካው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። አዲስ አበባ ወደ 2,355 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላው ለዚህ ነው፤ ሽሮ ስንሠራ አናስተውለውም እንጂ። በዚህ ከፍታ ጌጁ 15 ላይ ሲቆም ውስጡ ያለው እንፋሎት 117 ዲግሪ ገደማ ነው።

አራት ዲግሪ ምን አላት ትሉ ይሆናል። ለስፖር ብዙ ናት። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲወርድ ለመግደል አስር እጥፍ ጊዜ ይፈልጋል። በአራት ዲግሪ ሲወርድ ሁለት እጥፍ ተኩል። እንግዲህ የኛን ጥቅል እናስላ። 30 ደቂቃ ሰጠነው። ጨርቁ ታጭቆ ስለነበር እንፋሎቱ መሐሉ ለመድረስ 15 ደቂቃ ወሰደበት እንበል። የቀረው 15 ደቂቃ በ117 ሲሆን፣ በ121 ቢሆን 6 ደቂቃ ብቻ ነው። ይህ ስፖር በ121 ላይ ከአስሩ ዘጠኙ እስኪሞት 2 ደቂቃ ገደማ ሊፈጅ ይችላል። በ6 ደቂቃ ሦስት ጊዜ በአስር ይካፈላል። ከ1,000,000 ውስጥ 1,000 ይቀራል። ብልቃጡን ቢጫ ለማድረግ ደግሞ ከዚያ እጅግ ያነሰ ይበቃል።

ግምቱ እንዲህ ነው። በየ300 ሜትሩ ግማሽ ፒኤስአይ ጨምሩ። ድሬዳዋ ወደ 17፣ ባሕር ዳር ወደ 18፣ አዲስ አበባ ወደ 19፣ ደብረ ብርሃን ወደ 20 ይደርሳል። ማሽኑ ይህን ግፊት መሸከሙን ከላዩ ከተለጠፈው ጽሑፍ ሳታረጋግጡ ግን አትንኩት። ከአቅሙ በላይ የተጨነቀ አውቶክሌቭ ሰው ይገድላል። ቫልቩ በ15 ላይ የተቆለፈ ከሆነ ግፊቱን ተዉት፣ ጊዜውን አርዝሙ። 117 ላይ ከሆናችሁ 20 ደቂቃው ወደ 50፣ 30 ደቂቃው ወደ 75 ይሄዳል። ረጅም ነው፣ አውቃለሁ። ስለዚህ አዲስ ማሽን ስትገዙ በግፊት ሳይሆን በሙቀት የሚቆጣጠረውን፣ ቴርሞሜትሩ ከውስጥ የሆነውን ምረጡ። እሱ 121 ሲል 121 ነው፤ አየሩ በደንብ ከወጣ።

ሚዲያ ለምታዘጋጁ

የላብ ሰዎች፣ የእናንተ ጉዳይ ትንሽ ይለያል። ፈሳሽ ቀስ ብሎ ይሞቃል። ማሽኑ 121 ሲል የአንድ ሊትር ፍላስክ መሐል ገና ወደ ኋላ ነው። የታሸገውን የመስታወት አምፑል በክር አስራችሁ በትልቁ ፍላስክ መሐል አንጠልጥሉት። ፍላስኩን ከሁለት ሦስተኛ በላይ አትሙሉ፣ ክዳኑን አታጥብቁ። ወይም ሚዲያውን በትንንሽ ጠርሙስ ከፋፍላችሁ አብስሉ፤ እኔ የምመርጠው ይህን ነው።

ሌላም ነፃ ምልክት አለ። ከየዙሩ ሁለት ፕሌት (አጋር የሚባል የረጋ ምግብ ያለባቸው ሳህኖች) ምንም ሳትዘሩባቸው 37 ዲግሪ ላይ አሳድሩ። ጠዋት ላይ ደረቅ፣ የተሸበሸበ፣ ጠርዙ ወጣ ገባ የሆነ ነገር አጋሩ ላይ ተዘርግቶ ካገኛችሁ፣ በተለይም ከአጋሩ ውስጥ ከበቀለ፣ ስፖር የሚሠራ የአፈር ባክቴሪያ ከእሳቱ ተርፏል ማለት ሊሆን ይችላል። እጃችሁን ከመውቀሳችሁ በፊት አውቶክሌቩን ፈትኑ።

በደረቅ ሙቀት ለምትሠሩ ደግሞ ስፖሩ ሌላ ነው። ባሲለስ አትሮፌየስ ይባላል፣ ከ30 እስከ 37 ዲግሪ ያድጋል። ምድጃው 170 ላይ አንድ ሰዓት፣ 160 ላይ ሁለት ሰዓት ይፈልጋል። የእንፋሎቱን ብልቃጥ ምድጃ ውስጥ አትክተቱ፤ ይቀልጣል።

ያደጉ ብልቃጦችን፣ ማነጻጸሪያውን ጨምሮ፣ በሚሠራ አውቶክሌቭ 121 ላይ 30 ደቂቃ አምክናችሁ ነው የምትጥሉት። በሽታ ባያመጣም ሕያው ባክቴሪያ ቆሻሻ ውስጥ አይጣልም።

ወደ ሲስተር ልመለስ። የዚያን ቀን ጥቅሎቹን አብረን ፈታናቸው። ከአንድ ጥቅል ሁለት ሠራን። የማሽኑን ጽሑፍ አንብበን ግፊቱን ወደ 19 ከፍ አደረግን፤ ይችል ነበር። አየሩን ደግሞ ሙሉ 10 ደቂቃ አስወጣን። ከሦስተኛው ዙር በኋላ በ48ኛው ሰዓት ኢንኩቤተሩን ስከፍት ሲስተር ከኋላዬ ቆመው ነበር። አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ጥርት ያለ ሐምራዊ። ሐምራዊውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩት። ከዚያ መዝገቡን ተቀብለው ቀኑን በራሳቸው እጅ ጻፉ።